መልስ፦ የበቆሎ ዳቦዬ ለምን ይፈረካከሳል?
እህቴ፣ «የበቆሎ ዳቦዬ ከምጣድ ሲወጣ ይፈረካከሳል» ላልሽው፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። በቆሎ እንደ ስንዴ ሊጡን የሚያያይዝ ግሉተን የለውም። እኔ ለ3 ኩባያ የበቆሎ ዱቄት 2 ኩባያ የስንዴ ዱቄት እጨምራለሁ። ከሁሉ በፊት ግን የበቆሎውን ዱቄት በፈላ ውሃ አሽተሽ፣ ሸፍነሽ አቆዪው፤ ውሃውን ጠጥቶ ይያያዛል፣ አፍ ውስጥ አሸዋ አሸዋ ማለቱም ይቀራል። ለብ ሲል (ትኩስ ከሆነ እርሾው ይሞታል) ስንዴውን፣ እርሾውን፣ ጨውና ትንሽ ጥቁር አዝሙድ ጨምረሽ አቡኪው። ላላ ይበል። ኩፍ ሲል ምጣዱ ላይ ኮባ አንጥፈሽ ሊጡን አፍስሺው፣ ከላይም በኮባ ሸፍነሽ ክደኚው፤ እሳቱ መጠነኛ ይሁን። ኮባ ካጣሽ የሙዝ ቅጠል ይሆናል። የመጋገሪያ ወረቀትም ይሠራል፣ ያ ሽታ ግን የለውም። ደግሞ በትኩሱ አትቁረጪው! እኔ ጎምጅቼ ስንቴ አበላሽቻለሁ።