«ገብቶኛል» የሚለው ቁልፍ

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በአንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ የሰው ሀብት ክፍል እሠራለሁ። ከደሴ፣ ከቃሉና ከከሚሴ በየወሩ 30 ያህል ሠራተኞች እንቀጥራለን። ውጭ አገር ያለው ዋና መሥሪያ ቤት የማለማመጃ አፕ ልኮልናል። ሁሉም በ20 ደቂቃ «ገብቶኛል» የሚለውን ነክተው ይጨርሳሉ፤ በሦስተኛው ቀን ግን ፈረቃቸውን እንኳ የማያውቁ አሉ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ መጀመሪያ ያን ቁልፍ አስወጡት። አለቃ ወይም ታላቅ ሰው «ገባሽ?» ሲል «አልገባኝም» ማለት ያስረዳውን ማሳፈር ይመስላል፤ ሠራተኛዋ ስልኩንም የምትነካው ያንኑ ይሉኝታ ይዛ ነው። በምትኩ የሚሠራ ነገር ስጡ፦ የፈረቃ ሰሌዳውን አሳይቶ «ማክሰኞ ስንት ሰዓት ይገባሉ?» የሚል፣ ወይም «እስከ አደጋ ጊዜ መውጫው ሄደው በሩ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ይጻፉ» የሚል። በቀን 4 ወይም 5 ይበቃል። ስትሳሳት በቀይ ምልክት ፋንታ በድምፅ የተቀዳ ማብራሪያ ይምጣላት፤ ውጤቱን አሠልጣኟ ብቻ ትየው።

እንግሊዝኛውን በማሽን አስተርጉሞ መጫን ያስቀይማል። «ቅጹን ሙላ» የሚለው ትእዛዝ ለሴቷም ለ50 ዓመቱ ጥበቃም እኩል ይደርሳል። «ይሙሉ» ቢባል አክብሮቱም ይጠበቃል፣ የጾታው ጣጣም ይቀራል። ከከሚሴ ለሚመጡት ኦሮምኛውን የአካባቢው ተናጋሪ የሆነ ነባር ሠራተኛ ይቅዳው፤ አንዱ ቅጂ ከ2 ደቂቃ አይብለጥ።

ከሁሉ የሚብሰው የቀንና የሰዓት ነገር ነው። ሲስተሙ «8:00» ሲል ከጠዋቱ 2 ሰዓት ማለቱ ነው፤ አዲሷ ሠራተኛ ግን ከምሳ በኋላ 8 ሰዓት ላይ ትመጣለች። ግንቦት 3 ቀን 1990 የተወለደች 03/09/1990 ብላ ከሞላች ደግሞ ሲስተሙ ምንም ሳይል ሴፕቴምበር 3 ቀን 1990 ብሎ ይመዘግባታል። ትክክለኛው ሜይ 11 ቀን 1998 ነበር፤ በ7 ዓመት ከ8 ወር አስረጇት ማለት ነው። ጳጉሜን የተወለደውንስ ፎርሙ 13ኛ ወር ስለማያውቅ ይመልሰዋል፤ የሚያሰጋው ዝም ብሎ የሚያልፈው ስህተት ነው። ወሩን በስሙ የሚያስመርጥ ዝርዝር አስገቡ፣ ቅየራውን ማሽኑ ይሥራው።

«የቤተሰብ ስም» የሚለውን ሳጥንም ተዉት፤ ሰይድ አህመድን «ሚስተር አህመድ» ብሎ የሚጠራ ሰው አባቱን ነው የጠራው። ሦስቱንም ስም በአንድ ሳጥን ተቀበሉ። የመጣው የውል ፎርም «የሙከራ ጊዜ 3 ወር» ካለ ደግሞ አርሙት፤ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ የሚያዝ ሲሆን ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ በሳምንት 6 ቀን ለሚሠራ 10 ሳምንት ነው።

ጥያቄ፦ የቴሌግራም ግሩፕ ከፍተን «ጥያቄ ያለው?» ብንል ሁሉም ዝም ይላል። የውጭ አገሩ ሥራ አስኪያጅ ዝምታውን «ተረድተዋል» ብሎ ይወስደዋል። (ከደሴ)

መልስ፦ 40 ሰውና አለቃ ባሉበት ማን ይጠይቃል? 5፣ 6 እየሆኑ ይከፈሉ፤ አለቃ አይግባበት፤ «አብሽሩ» የምትል አንዲት ነባር ሠራተኛ ትኑርበት። ጥያቄውን በድምፅም ይላኩ። እሷ በየምሽቱ ሰብስባ ያለ ስም ለሥራ አስኪያጁ ታድርስ። እርሱም መማር አለበት፦ «ቢሮዬ ና» ብቻ የሚለው መልእክቱ ለእርሱ ቅልጥፍና ነው፣ ለተቀባዩ ግን ቁጣ ነው፤ ሰላምታ ያስቀድም፣ ምክንያቱንም ይጨምር። አርብ ቀትር ላይ ጁምዓ ስላለ የቪዲዮ ስብሰባ አይያዝ። ባለ ቁልፍ ስልክ ለያዙት ለ5 ሰው አንድ ታብሌት ማሠልጠኛ ክፍሉ ውስጥ ይቀመጥ፤ መብራት ሲጠፋ ኔትዎርኩም አብሮ ሊሄድ ስለሚችል ትምህርቱ ቀድሞ ይጫንበት።