አለቃሽ ሲለቅ አንቺም ትለቂያለሽ?

እህቴ፣ «አለቃዬ ከወር በኋላ ሊለቅ ነው፤ ልከተለው ወይስ ልቆይ?» ብለሻል። እኔም እዚሁ ድሬዳዋ ደርሶብኛል። ሳቢያን አካባቢ መጋዘን ውስጥ ስሠራ ያሳደገኝ ኃላፊ ድንገት ለቀቀ። በጣም ደነገጥኩ። የደመወዝ ጭማሪ ቃል የገባልኝ በአፍ ነበር። አዲሱ ኃላፊ «የማውቀው ነገር የለም» አለኝ፤ በቃ ቀረ።

ስለዚህ ሳይሄድ ያዢው። ቃል የገባልሽን ነገር ለሰው ኃይል ክፍል በጽሑፍ ያሳውቅልሽ። የሥራ አፈጻጸምሽን ሞልቶ ይፈርምበት። የግል ስልኩንም ተቀበዪው፤ ነገ ስላንቺ የሚመሰክር ሰው ያስፈልግሻል። የሥራ ልምድ ማስረጃ ግን የምትጠይቂው ድርጅቱን ነው። የግል ድርጅት ከሆነ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሥራ ላይ እያለሽም ስትጠይቂ የሥራሽን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመንሽንና ደመወዝሽን ጽፈው በነፃ ሊሰጡሽ ይገባል።

አዲሱ ኃላፊ ሲመጣ በመጀመሪያው ሳምንት ራስሽ ገብተሽ የያዝሽውን ሥራ አስረጂው። ሌላ ሰው እስኪነግረው አትጠብቂ።

ለመከተሉ አትቸኩዪ። እሱ ራሱ አዲሱ ቦታ ላይ ገና አልተደላደለም። ከጠራሽ መጀመሪያ የቅጥር ደብዳቤውን እዪ፤ ከዚያ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያሽን ሰጥተሽ፣ ሥራሽን በአግባቡ አስረክበሽ ውጪ። ድሬ ጠባብ ናት፤ ማን እንዴት እንደወጣ ከዚራ ሰፈር ሳትደርሺ ይሰማል።