መልስ፦ ባሕር ላይ የሣልኳት ፀሐይ ለምን አታበራም?

ነጭ መጨመሩን አቁም። ነጭና ቢጫ በደራረብክ ቁጥር ፀሐይዋ ትነጣለች እንጂ አታበራም። የብርሃን መጠኗን (ምን ያህል ፈካ ወይም ጠቆር እንደምትል) ከዙሪያዋ ሰማይ ጋር እኩል አድርግና በቀለም ዓይነት ብቻ ለያት።

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ክሎድ ሞኔ በ1872 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ያለውን የለ አቭር ወደብ የሣለበትን «ኢምፕሬሽን፣ የፀሐይ መውጫ» ተመልከት፤ ፓሪስ ማርሞታን ሙዚየም ነው ያለው። ብርቱካናማ ፀሐይ በሰማያዊ ግራጫ ጭጋግ ውስጥ። ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ስትቀይረው ፀሐይዋ ሰማዩን መስላ ልትጠፋ ምንም አይቀራትም። ዓይናችን የሚይዘው የብርሃን ልዩነት ሲያጣ ቦታዋን አጥርቶ መለየት ይቸግረዋል፤ የምትርገበገብ የምትመስለው ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ ድፍረት እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

በአንተ ሸራ ላይ እንዲህ ሞክር፦

1. ሰማዩን ከሰማያዊ፣ ከጥቂት ብርቱካናማና ከነጭ ቀላቅለህ ግራጫ አድርገው።

2. ለፀሐይዋ ያዘጋጀኸውን ብርቱካናማ ከዚያ ግራጫ አጠገብ ትንሽ ቀባ አድርግና በስልክህ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አንሳው። ሁለቱ ካልተለዩ ልክ ነህ።

3. ነጸብራቁን በአጫጭር አግድም ምቶች ጣል ጣል አድርግ፤ ከተቀባ በኋላ አትነካካው።

ሥዕልህ ላይ ጀልባዎች ካሉ ደግሞ እየራቁ ሲሄዱ አደብዝዛቸው። ጭጋጉ የሚመጣው ከዚያ ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ የምትሠራው በአክሪሊክ (በውኃ በሚቀጥን ቀለም) ስለሆነ ቀለሙ ሲደርቅ ይጠቁራል። እርጥብ ሳለ እኩል የነበረው ሲደርቅ ይለያያል። እኔ ሁልጊዜ ሁለቱንም ቁራጭ ሸራ ላይ ቀብቼ፣ ከደረቁ በኋላ ነው የማወዳድራቸው።