መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሜይል የሚመለሰው ለምንድን ነው?

ጥያቄው የመጣው ከፍኖተ ሰላም ነው። የመሥሪያ ቤቱ የሜይል ሰርቨር ፍሪቢኤስዲ በተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ የተጫነ ፖስትፊክስ፣ ማለትም ሜይል የሚቀበልና የሚልክ ፕሮግራም ነው። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ወደ ውጭ የሚላክ ሜይል ይቆማል። አንድ ባለሙያ መጥቶ ቀኑንና ሰዓቱን በእጁ አስተካከለ፤ «ለማንኛውም» ብሎ ደግሞ ማይኔትዎርክስን፣ ያለ ይለፍ ቃል ሜይል መላክ የሚፈቀድላቸውን አድራሻዎች የሚዘረዝረውን የፖስትፊክስ መስመር፣ ለሁሉም ከፈተው። ወዲያው ጠዋት የተላከው ሁሉ «ጊዜው አልፏል» ተብሎ ለላኪዎቹ ተመለሰ።

ወንድሜ፣ እኔ የምጠረጥረው ፖስትፊክስን አይደለም። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ ነው፤ ሲአር 2032 የምትባለዋን።

ከባትሪው በፊት ግን ማይኔትዎርክስን ዝጋ። ዛሬውኑ። 0.0.0.0/0 (ሁሉም አድራሻ ማለት ነው) ተብሎ ከተጻፈ ማንም ከየትም ሆኖ በአንተ ሰርቨር ሜይል ይልካል። አጭበርባሪዎች ቶሎ ያገኙታል፤ አድራሻህ ጥቁር መዝገብ ይገባል፤ ከዚያ መውጣት አሳር ነው። 127.0.0.0/8ን (ሰርቨሩ ራሱ ማለት ነው) እና የቢሮህን ኔትወርክ ብቻ አስቀር። ሌላው ሰው ለተጠቃሚዎች በተለየው በር፣ በፖርት 587፣ በይለፍ ቃል ይግባ። እንዲህ ያለ «ጥገና» ሳይ በጣም እናደዳለሁ።

አሁን ወደ ባትሪዋ። መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የምትይዘው እሷ ናት። ከሞተች ሰርቨሩ ሲነሳ ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ይሄዳል። ሰዓቱን ከኢንተርኔት እያየ የሚያስተካክለው ፕሮግራም፣ ኤንቲፒዲ፣ አያስተካክለውም ወይ? አያስተካክለውም። ልዩነቱ ከ1000 ሰከንድ ከበለጠ ነገሩን አላምንም ብሎ ራሱን ይዘጋል። በዚህ መሃል የቢሮው ሰው ሜይል ይልካል። ፖስትፊክስም ሜይሉ የገባበትን ጊዜ በዚያው በአሮጌው ቀን ይመዘግባል። መላኩ ግን አይሳካም። የተቀባዩን ሰርቨር ማንነት የሚያሳየውን ሰርተፍኬት እንዲያረጋግጥ ከታዘዘ፣ ሰርተፍኬቱ በአንተ ሰርቨር ቀን ገና ሥራ አልጀመረም። ስለዚህ ሜይሉ ወረፋ ይገባል። ፖስትፊክስ ካልነካካኸው አንድን ሜይል 5 ቀን ይታገሣል። ባለሙያው ቀኑን በአንዴ ወደ ዛሬ ሲያዘልለው የጠዋቱ ሜይል የዓመታት ዕድሜ ያለው ሆነ። 5 ቀኑ ድሮ አልፏል። የሚቀረው አንድ ሙከራ ብቻ ነው፤ እሱ ከከሸፈ ይመለሳል። መብራት ገና እንደመጣ ደግሞ ኢንተርኔቱ ስለማይረጋጋ ያቺ ሙከራ በከንቱ ትሄዳለች።

ሰርቨሩን አጥፋ፣ ገመዱን ንቀል፣ ባትሪዋን አውጥተህ በመልቲሜትር ለካ። ጤነኛዋ 3 ቮልት አካባቢ ታሳያለች። ከ2.7 በታች ካየህ ቀይራት። እባክህ ስም የሌላትን ርካሽ ባትሪ አትግዛ። ክረምት ገብቶ መብራት ሲሄድ ሲመጣ መጀመሪያ የምትከዳህ እሷ ናት።

ከዚያ አርሲ ኮንፍ በተባለው የፍሪቢኤስዲ ማስተካከያ ፋይል ውስጥ ኤንቲፒዲ ሲነሳ ልዩነቱ የቱንም ያህል ቢሆን አንዴ እንዲያስተካክል የሚፈቅደውን መስመር፣ «ኤንቲፒዲ ሲንክ ኦን ስታርት»ን፣ የስ በለው።

ቀኑን በእጅ ማስተካከል ግድ ከሆነ መጀመሪያ ፖስትፊክስን አቁም። ሰዓቱን አስተካክል፤ ኢንተርኔቱ መሥራቱን አረጋግጥ፤ ከዚያ አስነሳው። ስትጽፍ ዓመተ ምሕረቱ የፈረንጅ ይሁን፤ የእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓትም 9 ሰዓት ተብሎ ይገባል። ይህንን የሚስቱ ብዙ ናቸው።

ስትጨርስ ማይኔትዎርክስን እንደገና እይልኝ። ከቢሮው ኔትወርክ ውጭ ሆነህ፣ ያለ ይለፍ ቃል፣ ሰርቨሮች እርስ በርስ ሜይል በሚቀባበሉበት በር፣ በፖርት 25፣ ወደ ሌላ ዶሜይን (የሌላ መሥሪያ ቤት የሜይል አድራሻ) ለመላክ ሞክር። «ሪሌይ አክሰስ ዲናይድ» ብሎ ካልከለከለህ አሁንም ክፍት ነው። ፖስትፊክስን አቁምና መጀመሪያ እሱን ጨርስ።