ግራይንደሩን ለብረት ተውለት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ለገጣፎ አካባቢ ትንሽ ላቫጆ አለችኝ። ደንበኞቼ “ፖሊሽ አትሠራም ወይ?” እያሉ ስለነዘነዙኝ ማሽን ልገዛ ነው። ጓደኛዬ “በእኔ ግራይንደር ላይ የሱፍ ፓድ ግጠምበትና ሥራ” ይለኛል። አክስቴ ደግሞ “ከአሜሪካ ልላክልህ” ትላለች። የትኛው ይሻለኛል? ፓዱስ ምን ዓይነት ይሁን?

መልስ፦ ጓደኛህን አትስማው። እኔ ሰምቼ አይቻለሁ። ሰበታ ሥራ ስጀምር የሰው ቪትዝ በግራይንደር ይዤ የኮፈኑን ጠርዝ በላሁት። ከቀለሙ ሥር ያለው ፕራይመር ብቅ ሲል ባለቤቱ እዚያው ጎኔ ቡና እየጠጣ ነበር። ኮፈኑን ሙሉ አስቀባሁለት። የወሩ ገቢዬም አብሮ ሄደ።

ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ 10,000 ዙር አካባቢ ይሽከረከራል። ክሊር፣ ማለትም ከቀለሙ በላይ ያለው የሚያብረቀርቅ ሽፋን፣ ደግሞ ብዙ ጊዜ ውፍረቱ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው። ወረቀት እንኳ ከእሱ ይወፍራል። ታዲያ ምኑ ይተርፋል?

ለጀማሪ “ዲኤ” የሚሉት ማሽን ይሻላል። እየዞረ ይወዛወዛል፤ ስለዚህ ሙቀቱ አንድ ቦታ ላይ አይጠራቀምም። አብዛኛው ዲኤ ጠንከር አድርገህ ስትጫነው መዞሩን ያቆማል። አንዳንዱ በዚህ ይናደዳል። እኔ ግን በዚያ ቪትዝ ጊዜ ቢኖረኝ ኖሮ እላለሁ። ውዝዋዜው ብዙ ጊዜ 8 ወይም 15 ሚሊ ሜትር ተብሎ ይጻፍበታል። 15ቱ ሰፊ ኮፈን ላይ ይፈጥናል፤ ትንንሽ መኪና ለሚበዛባት ላቫጆህ 8ቱ አያንስም። ፓዱ የሚለጠፍበት ፕሌት 5 ኢንች ይሁን።

አሜሪካ መብራቱ 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። አዳፕተር የሶኬቱን ጥርስ እንጂ ቮልቱን አይቀይርም፤ ማሽኑን ስታስነሳው ይቃጠልብሃል። አክስትህ ፓድ ትላክልህ። ፓድ ቮልት አይጠይቅም።

ፓድ ላይ አትቆጥብ። አንድ ፓድ ይዞ መኪና መጨረስ አይቻልም፤ ይሞላል፣ ይሞቃል፣ ቬልክሮው ይላቀቃል። ሁለት ጠንካራ፣ ሦስት መካከለኛ፣ አንድ ለስላሳ ስፖንጅ ያዝ። በቀለሙ እንዳትሸወድ፤ አንዱ ፋብሪካ ብርቱካናማውን ለመቁረጫ፣ ማለትም ጭረት ለማውጫ፣ ሲያደርገው ሌላው ለሌላ ያደርገዋል። በጣትህ ጫን ጫን አድርገህ ለይ። ስፋቱ ከፕሌቱ ትንሽ ይለፍ፣ 5 ተኩል ኢንች ያህል፤ አለዚያ የፕሌቱ ጠርዝ ቀለሙን ይነካል።

የእናንተን ሰፈር አቧራ አውቀዋለሁ። መኪናውን በደንብ ሳታጥብ ማሽን እንዳታስነሳ፤ አቧራው ራሱ የብርጭቆ ወረቀት ነው። ጠርዙን በወረቀት ፕላስተር ሸፍን። መጀመሪያ መካከለኛውን ፓድ በእጅ መዳፍ በምታክል ቦታ ላይ ሞክር። ጭረቱ ካልወጣ ብቻ ወደ ጠንካራው እለፍ።

አሮጌ ዲኤክስ ከመጣልህ ፓዱን ቶሎ ቶሎ ገልብጠህ እይ። የመኪናውን ቀለም ከያዘ ክሊር የለውም ማለት ነው፤ ለባለቤቱ አሳየውና ተነጋገሩ። ጥቁር መኪና ደግሞ ምንም አይደብቅም። ለመጀመሪያዎቹ ወራት አጥበህ ሸኘው።