ፖቶሱ ውሃ በዝቶበታል

ጥያቄ፦ የምኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። መደርደሪያ ላይ ያስቀመጥኩት ፖቶስ፣ ልብ የሚመስል ቅጠል ያለውና ሐረጉ ወደ ታች የሚወርደው ተክል፣ ክረምቱ ከገባ ወዲህ ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ይረግፋል። ሐረጉ ራቁቱን ቀርቶ ጫፉ ላይ ብቻ ቅጠል ይዟል። የተከልኩት በሴራሚክ መትከያ ሲሆን በየቀኑ ጠዋት ውሃ አጠጣዋለሁ። ማዳበሪያ ልጨምርለት?

መልስ፦ ማዳበሪያውን ይተዉት፤ ውሃውንም ዛሬውኑ ያቁሙ። ሥሩ በታመመ ተክል ላይ ማዳበሪያ መጨመር የተረፈውን ሥር ማቃጠል ነው።

ፖቶስ የተገኘው በፈረንሳይ ፖሊኔዥያ ካለችው የሞኦሪያ ደሴት ነው። በዱር ሲያድግ ከግንዱ በሚያወጣቸው ሥሮች የዛፍ ቅርፊት ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ሥሩ እርጥበት ቢወድም አየር ካጣ ይታፈናል። በክረምት ደግሞ ብርሃኑ ያንሳል፣ ቤቱ ይቀዘቅዛል፣ ተክሉም የሚጠጣው ውሃ ይቀንሳል። በየቀኑ የሚጨመረው ውሃ ከሥር ይተኛል።

አሁኑኑ ከመትከያው አውጥተው ሥሩን ይመልከቱ። ጤነኛ ሥር ነጣ ያለና ጠንካራ ነው። የበሰበሰው ይጠቁራል፣ ይሸታል፤ በሁለት ጣት ይዘው ሲስቡት ልጡ ተገፎ እጅዎ ላይ ይቀርና ውስጡ እንደ ክር ይንጠለጠላል። እሱን ሁሉ በንጹሕ መቀስ ቆርጠው ይጣሉት። መትከያው ከታች ቀዳዳ ከሌለው ይቀይሩት፤ ይህ ካልተስተካከለ የቀረው ድካም ሁሉ ከንቱ ነው። አፈሩም ዋልካ ከሆነ ውሃ ስለሚይዝ ኮምፖስትና ሸካራ አሸዋ ይቀላቅሉበት። ከዚያ በኋላ ውሃ የሚያጠጡት ጣትዎን አፈሩ ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ ከተው ደረቅ ሆኖ ሲያገኙት ብቻ ነው። በቀን መቁጠሪያ አይመሩ።

ራቁቱን የቀረውን ሐረግ አይዘኑበት። ቅጠሉ በወጣበት አንጓ ላይ ቡናማ ጉብ ያለ ነገር ያያሉ፤ ሥር የሚሆነው እሱ ነው። ከአንጓው ትንሽ ዝቅ ብለው ይቁረጡ፣ አንጓው ውሃ ውስጥ እንዲገባ አድርገው ብርጭቆ ውስጥ ያቁሙት፣ ውሃውንም በየጥቂት ቀኑ ይቀይሩ። ብዙ ጊዜ በሁለት እስከ አራት ሳምንት ሥር ያወጣል፤ በብርድ ወቅት ይዘገያል። አንጓ የሌለው ቅጠል ብቻውን ግን አዲስ ሐረግ አይሰጥም። የተቆረጡትን አምስት ስድስቱን እዚያው እናቲቱ ሥር ቢተክሉ መትከያው ይሞላል፤ ከቆረጡበት በታች ካለው አንጓም አዲስ ቡቃያ ይወጣል።

ቦታው ብሩህ ይሁን፣ ቀጥተኛ ፀሐይ ግን አይምታው። ጨለማ ውስጥ ከከረመ ቢጫ ዝንጉርጉሩ እየጠፋ አረንጓዴ ብቻ ይሆናል።

ሲቆርጡ ፈሳሹ ቆዳ ሊያሳክክ ስለሚችል እጅዎን ይታጠቡ። ቅጠሉ ውስጥ ያለው የካልሲየም ኦክሳሌት ስል ቅንጣት አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል፤ ሕፃናትና ድመት አይድረሱበት። ለበዓል ግቢ ውስጥ በግ ካሰሩም ቁርጥራጩን እንዳይጥሉለት።