መልስ፦ በቤቲንግ ማስታወቂያ ምክንያት ሽርክናችሁ ለፈረሰው

እህቴ፣ የቤቲንግ ማስታወቂያ አልሠራም በማለትሽ ከሸሪክሽ ጋር ተለያይታችኋል። ደንበኞች ሲጠይቁኝ ምን ልበል ላልሽው፣ «ለየብቻ መሥራት ጀምረናል» ይበቃል። ሸሪክሽን ስታሚው የሰማ ደንበኛ ነገ እኔንም ታማኛለች ይላል።

እኔም ያለ ደረሰኝ እንሽጥ ከሚል ጓደኛዬ ጋር ተጣልቼ ነበር። 15 በመቶውን ቫት ለገዢ መተው ለእሱ ደግነት፣ ለእኔ ስርቆት ነው። ላሳምነው ሁለት ወር ደከምኩ። ከንቱ! ንግድ ፈቃዱ የጋራችን ስለነበር ስንለያይ ለግብር ክሊራንስ (የግብር ዕዳ እንደሌለብን ለሚገልጽ ወረቀት) አብረን ተመላለስን። ተኮራርፎ አንድ ወረፋ ላይ መቀመጥ፣ ወይ ጉድ! በሦስተኛው ቀን ማኪያቶ ጋበዘኝ። ስለ ቫቱ ዛሬም አንስማማም።

የናንተስ ፈቃድ በማን ስም ነው? ያልተሰበሰበ የጋራ ክፍያ ካለ ደግሞ ድርሻችሁን አሁኑኑ በጽሑፍ አድርጉት።